ሦስት እርምጃ ከኋላ

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አፌን ዘግቼ አዳምጥና በልቤ «ይሄ ሰው እንቅልፍ አጥቷል» ወይም «የሚወስደው መድኃኒት ምን ይሆን» የምል ሰው ነኝ፣ ፋርማሲስት ነኝና እንዲህ ማሰብ የሥራ ጠባይ ሆኖብኛል፣ ለንደን፣ ካምደን ውስጥ አንዲት ትንሽ መድኃኒት ቤት ቀኑን ሙሉ ስም ከስም፣ ሚሊግራም ከሚሊግራም ሳመሳክር እውላለሁ፣ ማታ ደግሞ በሬን ቆልፌ ሁለት ደረጃ ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ እጀታውን እነካለሁ። ሰው ፊት ማውራት አይሆንልኝም፣ ይህንንም በአፌ ብጀምረው መሀል ላይ አፍሬ «ተዉት፣ ምንም አይደለም» እንደምል ስለማውቅ ነው የምጽፈው፣ ባታምኑኝም አልቀየማችሁም፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም አላምንም ነበር።

ነገሩ የአባቴ ነው። አባዬና እኔ አርችዌይ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የአካባቢው መስተዳድር፣ ካውንስሉ፣ በሰጠን ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን የምንኖረው፣ እናቴ ካረፈች አራት ዓመት አልፏታል፣ አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ቃል ከአፉ በግድ የሚወጣ ሰው ነው፣ ዓይን አፋርነቴን ከማን እንደወረስኩ አትጠይቁኝ። ባለፈው መስከረም የሳንባ ምች ይዞት ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኛ፣ ዳነና ቤቱ ገባ፣ ግን እህል እምቢ አለ። ሳንባው ንጹህ ነው፣ ሆዱ ታይቷል፣ ጉሮሮው ታይቷል፣ ደሙ ሁለት ጊዜ ተመርምሯል፣ ውጤቱን እኔው ራሴ መስመር በመስመር አንብቤዋለሁ፣ ምንም የለም፣ እሱ የሚለው «አይወርድልኝም» ብቻ ነው፣ አንዳንድ ቀን እኔ በእጄ ሳጎርሰው ሁለት ሦስት ጉርሻ ይቀበለኛል፣ አንዳንድ ቀን እሱንም ፊቱን ያዞርብኛል። ሱሪው በቀበቶ እንኳ አልቆም ሲል ሐኪሟ ለብቻዬ ጠራችኝና በሚቀጥለው ቀጠሮ ኪሎው ከዚህ ከወረደ አስተኝተው በአፍንጫው የምግብ ቱቦ እንደሚያስገቡለት ነገረችኝ፣ ለእሱም ነገርነው፣ እሱም ጫማውን እያየ «ቱቦውን ካስገቡት ከዚያ አልጋ አልነሣም» አለ፣ አባዬ ደግሞ ዝም ብሎ የሚዝት ሰው አይደለም።

ሃርልስደን የምትኖር አክስቴ፣ የአባዬ ታላቅ እህት፣ በየማታው ትደውላለች፣ ሰላምታ የለ፣ እንዴት ዋላችሁ የለ፣ ስልኩን ሳነሳው የምሰማው አንድ ቃል ነው፣ «ጎርሷል?» እኔም «ጎርሷል» ወይም «አልጎረሰም» እላታለሁ፣ አባዬ አጠገቤ ካለ ግን ባይጎርስም «ጎርሷል» ነው የምለው፣ እሱ ሰምቶ ደስ እንዲለው። ይህን ቃል እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ፣ ያን ሰሞን በእኛ ቤት ከእግዜር ሰላምታ ይልቅ እሱ ይሰማ ነበር።

ካምፕ የመሄዱን ሐሳብ ያመጡት ጋሽ ከድር ናቸው። ጋሽ ከድር የአባዬ የስደት ወንድም ናቸው፣ ለንደን በገቡ ጊዜ አንድ ክፍል ተጋርተው ኖረዋል፣ አሁን የሚኒካብ ታክሲ ይነዳሉ፣ አባዬ ዝም ባለ ቁጥር እሳቸው የሁለቱንም ድርሻ ያወራሉ። አንድ ቀን መጥተው ያልተነካውን ሳህን አዩና «ይሄ ሰውዬ ሜዳ ላይ ያደገ ነው፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሰቅላችሁት እህሉ እንዴት ይውረድለት?» አሉ፣ ጫካ ውሰጂው፣ አንድ ሌሊት ውጭ ይደር፣ እኔ በመኪናዬ አደርሳችኋለሁ አሉ። እኔ በኅዳር ብርድ ሳንባው የታመመ ሰው እንዴት ድንኳን ውስጥ ያድራል ብዬ ስከራከር፣ ከሦስት ሳምንት ወዲህ በገዛ ፈቃዱ ምንም ጠይቆ የማያውቀው አባዬ ቀና አለ።

«መሣሪያ ማን ይይዛል?» አለ።

ጋሽ ከድር ሳቁ። «ለማን ነው መሣሪያው? ለሽኮኮው? እዚህ አገር እኮ ሰው ብትገድል ጠበቃ ያቆሙልሃል፣ ሽኮኮ ብትገድል ግን ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚነሣብህ።»

አባዬ አልሳቀም። ጫካ በባዶ እጅ አይገባም አለ፣ እኔም እንደ ልማዴ ሁሉንም በየተራ አስረዳሁት፣ እዚህ አገር ራሴን ልጠብቅበት ብሎ መሣሪያ መያዝ እንደማይቻል፣ የአደን ጠመንጃ ያለውም ሰው ፈቃድ አውጥቶ ቤቱ ውስጥ በብረት ሣጥን እንደሚቆልፈው፣ በቀስት ማደን ጭራሽ ክልክል እንደሆነ፣ የምንሄድበት ጫካ ደግሞ ቀበሮና አጋዘን እንጂ ሰው የሚበላ ነገር እንደሌለው፣ እሱም እስከ መጨረሻው ሰማኝና «የሚበላውን አይደለም እኔ ያልኩት» ብሎ ተወው። በመጨረሻ እንሄዳለን ያለው ረጅሙን ጥቁር ጃንጥላውን ከበር ኋላ አንሥቶ በትከሻው እንደ ጠመንጃ ካነገተው በኋላ ነው፣ ጋሽ ከድርም «ጥሩ ነው፣ ቢያንስ ለዝናቡ ይሆነናል» አሉ።

በወጣትነቱ ኦሞ ወንዝ አካባቢ ከአዳኞች ጋር ይሠራ እንደነበር አውቃለሁ፣ ከዚያ በላይ ግን አላውቅም፣ ልጅ ሆኜ ስጠይቀው «ዕቃ እሸከም ነበር» ብሎ ያልፈኝ ነበር።

ድንኳኑን ተውኩትና ማሞቂያ ያላት ትንሽ የእንጨት ጎጆ ቡክ አደረግኩ፣ ቦታው የከተማው አውቶቡስ የሚያልቅበት፣ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለ የለንደን ጫፍ ነው፣ ከፊት መንገድ፣ ከኋላ ጫካ። የሄድነው ሰዓት ወደ ኋላ በተመለሰ በሳምንቱ ቅዳሜ ነበር፣ እዚህ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ የሚባል ነገር አይኖርም፣ ምሳ በልታችሁ ቀና ስትሉ መሽቷል።

ከጎጆዋ ጎን ባለው ሜዳ ላይ ስምንት ዘጠኝ ሰዎች ቀስት ይለማመዳሉ፣ ክለብ ናቸው መሰለኝ፣ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ጃኬት ለብሰው በገለባ የተሠራ ዒላማ ላይ ይወረውራሉ፣ እኔና ጋሽ ከድር ዕቃ ስናወርድ አባዬ አልነበረም፣ ዞር ብዬ ስፈልገው ሜዳው ላይ አየሁት፣ ደጋን ከወጠረች አንዲት እንግሊዛዊት ኋላ፣ ጃንጥላውን ደረቱ ላይ በሁለት እጁ ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሴትዮዋ እስትንፋሱን ሰምታ ይሁን አላውቅም፣ ደጋኗን አወረደችና በትሕትና ምን ልርዳዎት አለችው፣ እኔ ፊቴ እየነደደ ሮጬ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ ክንዱን ያዝኩት፣ እመኑኝ፣ መሬት ብትውጠኝ ይሻለኝ ነበር።

«ከኋላቸው ማን አለ?» አለኝ እየሄድን።

«ማንም የለም አባዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው።»

«ማንም?» አለ፣ ዞሮ አያቸው፣ ስምንቱንም ዘጠኙንም አንድ በአንድ፣ ልክ ፌርማታ ላይ የቆሙ ሰዎች ሆነው አውቶቡሱ እንደማይመጣ እሱ ብቻ የሚያውቅ ይመስል።

ዕቃውን ስንፈትሽ ወፍራሙ የአባዬ ብርድ ልብስ እዚያው ኮሪደራችን ውስጥ ቀርቷል፣ ሁሉን ሁለት ጊዜ ቼክ የማደርገው እኔ ረሳሁት፣ ጋሽ ከድር ግድ የለሽም፣ ሳይመሽ አመጣዋለሁ ብለው ቁልፌን ይዘው ሄዱ። አባዬ ደክሞት ጎጆዋ ውስጥ ጋደም አለ፣ ጃንጥላው በሩ ጋ ተደግፏል፣ እኔም ደጃፉ ላይ ያለችውን አግዳሚ ጠረጴዛ ጠርጌ ትንሿን የጋዝ ምድጃ አቀጣጠልኩ፣ ከቤት በዕቃ የያዝኩት የቋንጣ ፍርፍር ነበር፣ ድሮ ሲወደው አንድ ትሪ ብቻውን ይጨርስ ነበር። ፊቴ ወደ ጎጆዋ፣ ጀርባዬ ወደ ጫካው ነው። በእንግሊዝ ሰዓት አራት ተኩል ቢሆን ነው፣ ቀስተኞቹ ዕቃቸውን ሰብስበው ሄደዋል፣ የመጨረሻው መኪና መብራት የግቢውን በር ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ሌሎቹ ጎጆዎች ባዶ ናቸው፣ ይህን የምነግራችሁ በኋላ እኔም ብዙ ጊዜ ስላሰብኩበት ነው።

መጀመሪያ የሰማሁት ከሜዳው በኩል «ጥፍ» የሚል ድምፅ ነው፣ ፍላጻ ገለባ ላይ ሲሰካ ከሰዓቱን ሙሉ ስሰማው የዋልኩት ዓይነት፣ ከዛፍ ላይ የወደቀ ነገር ነው አልኩና ፍርፍሩን ማማሰል ቀጠልኩ። ትንሽ ቆይቶ የእርጥብ ከብት ሽታ ሸተተኝ፣ ለዚህም መልስ አለኝ፣ ጫካው ዳርቻ ላይ ላም የሚያግድ ገበሬ እንዳለ ስንገባ ማስታወቂያ አንብቤያለሁ። ከዚያ አንዲት ትንሽ ነገር፣ ብረት ከብረት ጋር እንደሚገናኝ፣ «ቀጭ» አለች፣ ምድጃው ይሆናል ብዬ ጎንበስ ብዬ አየሁት፣ እሳቱ እንደነበረ ነው፣ እንግዲያው የጃንጥላው መክፈቻ ይሆናል አልኩ። አልፈራሁም፣ ይህን እመኑኝ፣ ሐሳቤ ሁሉ ሐሙስ ቀጠሮው ላይ ነበር፣ ስንት ጉርሻ ቢበላ ስንት ግራም ይሆናል እያልኩ ነበር።

ያን ጊዜ ከኋላዬ አንድ ወንድ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ እንደሚናገር ሰው፣ «ጎርሷል?» አለኝ።

ጋሽ ከድር ደርሰው ነው እንጂ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል፣ በዚህ ሁሉ ጫካ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ሌላ ማን አለ፣ እንዲያውም ደስ አለኝ፣ ከምድጃው ቀና ሳልል፣ «አልጎረሰም ጋሼ፣ ገና ነው፣ ባዶውን ነው ያለው» አልኩ።

በአፍንጫው ረጅም አየር አወጣ፣ መጥፎ ወሬ የሰማ፣ ግን ድሮም የጠረጠረ ሰው እንደሚያደርገው፣ «እህ» አለ፣ ከዚያ እርምጃ ሰማሁ፣ ቅጠል የሚረግጥ፣ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ጫካው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራተኛውን ጠበቅኩት፣ አልመጣም።

ዞር አልኩ፣ ማንም የለም፣ መኪናም የለም። ዛፎቹ መሀል ጨለምለም ብሏል እንጂ ሰው ቢኖር የማላይበት ጨለማ አልነበረም። ለጋሽ ከድር ቴክስት አደረግኩላቸው፣ ወዲያው ደወሉልኝና ኖርዝ ሰርኩላር ላይ መንገዱ ተዘግቶ ቆመው እንዳሉ፣ ግማሽ ሰዓት እንደሚቀራቸው ነገሩኝ፣ ከኋላቸው የመኪና ጥሩምባ ይሰማኛል። እኔም እሺ ብዬ ዘጋሁ፣ ምድጃውን አጠፋሁ፣ መጥፋቱን ሁለት ጊዜ አየሁ፣ ፍርፍሩን ሳህን ላይ ገልብጬ ይዤ ገባሁ።

አባዬ ተነሥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«ከማን ጋር ነበር የምታወሪው?»

«ጋሽ ከድር የመጡ መስሎኝ ነበር።»

«ምን አለሽ?»

«ጎርሷል ወይ አለኝ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያስተዋልኩት፣ አሉኝ አላልኩም፣ አለኝ ነው ያልኩት፣ ጋሽ ከድርን በሕይወቴ አንተ ብዬ አላውቅም፣ አንደበቴ ከእኔ በፊት ያወቀው ነገር ነበር መሰለኝ።

አባዬ ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን አያቸው። «ፊቱን አየሽው?»

«አላየሁትም።»

«አያዞርም» አለ፣ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደዚያ አድርጎ አይቶኝ አያውቅም፣ ልጁ አልነበርኩም፣ ፍርድ ይዤለት የመጣሁ ሰው ነበርኩ። «ምን ብለሽ መለስሽለት?»

እኔ ውሸት አይሆንልኝም፣ ይህን የሚያውቁኝ ሁሉ ያውቃሉ፣ ግን ዓይኑን ሳየው ሊሰማ የሚችለው አንድ መልስ ብቻ ነበር፣ አንደበቴም አክስቴ ስትደውል እሱ አጠገቤ ሲሆን የለመደውን ይዞ፣ «ጎርሷል አልኩት» አልኩ።

አባዬ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ፣ ከዚያ በሕይወቱ አውርቶ የማያውቀውን ያህል አወራ።

ዕቃ አይሸከምም ነበር። ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ፈረንጆች ጎሽ በቀስት ሊያድኑ ይመጡ ነበር፣ ጎሽ ደግሞ ቀስት አይገድለውም፣ ያቆስለዋል፣ የቆሰለ ጎሽ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ሰው ይጠብቃል፣ ስለዚህ ቀስተኛውን የሚጠብቅ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሦስት እርምጃ ከኋላው ይሄዳል፣ አባዬ ያ ሰው ነበር። ከፊት ደግሞ ዱካ የሚያነብ ወርቁ የሚባል ጓደኛው ነበር፣ አንድ ጎጆ የሚያድሩ፣ ከአንድ ሳህን የሚበሉ፣ ወርቁ ቁጥቋጦ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ሁልጊዜ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ጎርሷል?» ይላል፣ ጠመንጃው ጥይት ጎርሷል ወይ ማለቱ ነው፣ አባዬም «ጎርሷል» ሲለው ይገባል። አንድ ሰሞን የመጣ ፈረንጅ ግን ከጀርባዬ የጎረሰ ጠመንጃ ካለ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ማነጣጠር አልችልም ብሎ ጥይቱን እንዲያወጣ አዘዘው፣ አባዬም አወጣው፣ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ፈረንጁ ጎሹን ወግቶ አቆሰለው፣ ጎሹ ገባ፣ ወርቁ ሣሩ ላይ ያለውን ደም አየና ቁጥቋጦው አፍ ላይ ቆመ።

«ጎርሷል? አለኝ» አለ አባዬ። «ፈረንጁ ያየኛል። ጥይቱ ኪሴ ውስጥ ነው። አልጎረሰም ልለው አፌን ከፈትኩ፣ እሱ ይስቅብኛል፣ ያለ ጥይት ቆመህ ነበር ወይ ይለኛል ብዬ አፈርኩ። ሲገባ አጎርሰዋለሁ አልኩ። ጎርሷል አልኩት።»

ጥይቱን ከኪሱ ሳያወጣ ጎሹ ወርቁ ላይ ወጣበት፣ ቃታውን ሲስበው «ቀጭ» አለ፣ ሌላ ምንም። ያችን ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማታል፣ አውቶቡስ ሲነዳ በር በዘጋ ቁጥር ይሰማት ነበር። ለወርቁ እናት ጠመንጃው ከሸፈ ብሎ ነገራቸው፣ እሳቸውም አምነው ለቅሶው ላይ በእጃቸው አጎረሱት፣ ከዚያ በኋላ አገሩን ለቆ በኬንያ በኩል ወጣ። መስከረም ላይ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ደግሞ አንድ ምሽት ወርቁ ከመጋረጃው ኋላ «ጎርሷል?» ብሎ ጠየቀው፣ አባዬ ብርድ ልብሱን ፊቱ ላይ ሳበ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል ወደ አፉ በቀረበ ቁጥር ቃሉ ትመጣበታለች።

«አርባ ዓመት ሙሉ ምን ብዬ እንደምመልስለት ሳስብ ነበር» አለኝ። «አንቺ መለስሽልኝ። ጎርሷል ካልሽው አምኖሽ ጫካው ገብቷል ማለት ነው፣ ከእንግዲህ አይጠይቀኝም።»

እኔ ደግሞ ሳህኑን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ፣ ለዚያ ሰው ያልኩትን እያንዳንዷን ቃል አስታውሳለሁ፣ አልጎረሰም፣ ባዶውን ነው ያለው። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ አባዬ እጁን ወደ ሳህኑ ዘረጋ። በገዛ እጁ ቆረሰ፣ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ፣ እኔም አፌን ዘጋሁ። አሥራ አንድ ጉርሻ በላ፣ ቆጥሬያለሁ፣ ከከተማው በኩል እንግሊዞች በየዓመቱ በዚህ ሰሞን የሚተኩሱት ርችት ጀምሮ በተንጣጣ ቁጥር እንኳ አልደነገጠም፣ «ይሄ እንኳ ይጮኻል» ብሎ ፈገግ አለና ተኛ።

ጋሽ ከድር ብርድ ልብሱን ይዘው ሲደርሱ ባዶውን ሳህንና የተኛውን ሰው አይተው «አላልኩሽም? ሜዳ ነው መድኃኒቱ፣ አንቺ ፋርማሲ ውስጥ ትፈልጊያለሽ» አሉ። ሰው የሰማሁ መሰለኝ ብቻ አልኳቸው፣ የስልካቸውን መብራት አብርተው ጎጆዋን ዞሩና ምንም የለም ብለው ተመለሱ፣ መኪናቸው ውስጥ ሊያድሩ ወጡ፣ የፊት መብራቱን ግን ወደ ጫካው አብርተው አደሩ፣ ጠዋት ባትሪው ሞቶ ማስነሻ ገመድ ስንፈልግ ለምን አላጠፉትም ብላቸው «ረስቼው ነው» አሉኝ፣ እኔም ከዚያ በላይ ልጠይቃቸው አፈርኩ።

ከዚያ በፊት፣ ሁለቱም ሳይነቁ፣ ወጥቼ ምድጃው የነበረበት ቦታ ቆምኩ፣ ወደ ጫካው ዞሬ ሦስት እርምጃ ቆጠርኩ። ሌሊቱን ሲነፍስ አድሮ ቅጠሉ መሬቱን አልብሶታል፣ አግዳሚውን፣ ደጃፉን፣ የጋሽ ከድርን መኪና ሁሉ፣ አንድ ቦታ ብቻ፣ ሁለት እግር የሚያህል፣ ጎን ለጎን፣ ሣሩ አንድ ቅጠል ሳይኖርበት ንጹህ ነው። ዱካ አልነበረም፣ እዚያ ቦታ ቅጠል አልወደቀም፣ ይኸው ነው፣ አንድ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አድሮ ጎህ ሲቀድ ብቻ የሄደ ይመስል።

ሐሙስ ሐኪሟ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ አየችው፣ ኪሎው ጨምሯል፣ የቱቦው ነገር ቀረ፣ አክስቴ ስልክ ላይ እልል አለች፣ አባዬ አሁን ደህና ነው፣ ሱሪው ወገቡ ላይ ይቆማል። ሁሉም ደስ ብሎታል። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ልማድ አምጥቷል፣ ማታ ማታ ከመብላቱ በፊት ፊቱን ወደ መስኮቱ አድርጎ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ቀስ ብሎ «ጎርሷል» ይላል፣ ከዚያ ይበላል።

እሱ ያን ባለ ቁጥር ከኮሪደሩ በኩል «ቀጭ» የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ጃንጥላው ነው ብዬ ለበጎ አድራጎት ሱቅ ሰጠሁት፣ ማሞቂያው ነው ብዬ ከካውንስል ሰው አስመጣሁ፣ ፈትሾ ምንም የለበትም አለኝ፣ አባዬ አይሰማም፣ ወይም የሰማ አይመስልም፣ ያላምጣል። እውነቱን ልንገረው እልና ሳህኑን አየዋለሁ። አንዳንዴ ያ ሰው አርባ ዓመት የጠበቀው እውነቷን ነበር፣ ሰምቶ አርፏል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ፣ ካረፈ ታዲያ ኮሪደሬ ውስጥ ቃታ የሚስበው ማነው? አንዳንዴ ደግሞ አባቴ ከኋላው ምንም እንደሌለው ለዚያ ሰው ነግሬ ያጋለጥኩት እኔ ነኝ እላለሁ።

ስለዚህ አሁን ከእሱ ጋር ማዕድ አልቀርብም፣ ቀድሜ እበላለሁ፣ ለምን ሲለኝ ከሥራ በልቼ መጣሁ እለዋለሁ፣ ሲመሽ መጋረጃውን እዘጋለሁ፣ ሳህኑን አቀርብለታለሁ፣ እሱ ቃሉን ብሎ መጉረስ ሲጀምር እኔ ፊቴን ወደ ኮሪደሩ አዙሬ፣ ሦስት እርምጃ ከኋላው እቆማለሁ፣ ባዶ እጄን።